ሚዛን ነፃ ያወጣው፣ ጋሻ ያስከሰሰው ቀራጺ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430ዎቹ ዓመታት ውስጥ ሜኖን የሚባል አንድ የእጅ ሙያተኛ ወደ አቴንስ የገበያ አደባባይ መጣና እንደ ተማጻኝ ከመሠዊያው ሥር ተቀመጠ። በከተማይቱ ልማድ መሠዊያ የተማጸነን ሰው ጎትቶ መውሰድ በአማልክት ላይ እንደ መዳፈር ይቆጠር ነበር። ሜኖን የለመነው ግን እህልም ብርም አልነበረም። የሚያውቀውን ምሥጢር ከመናገሩ በፊት እርሱ ራሱ እንዳይከሰስ ዋስትና እንዲሰጠው ነበር የጠየቀው። ዋስትናው ተሰጠው። ምሥጢሩ ሲገለጥ በዘመኑ ታላቅ የተባለውን ቀራጺ ፊዲያስን የሚመለከት ሆኖ ተገኘ፤ ሜኖንም ከዚሁ ቀራጺ ረዳቶች አንዱ ነበር። ክሱ ፊዲያስ ለአቴና ሐውልት ማሠሪያ ከተሰጠው የሕዝብ ወርቅ ሰርቋል የሚል ነው።

የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ፊዲያስን የሚያነሱት ስለ እብነ በረዱ ውበት ሲሉ ነው። እኔ ሕግ ያጠናሁ ሰው በመሆኔ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው በክሱ ላይ ነው። ክሱን ደግሞ ሥራዎቹን ሳያውቁ መረዳት አይቻልም፤ ምክንያቱም ሰውዬውን በመጨረሻ የጣለው ወርቁ ሳይሆን በወርቁ ላይ የቀረጸው ምስል ነው።

የፊዲያስ አባት ካርሚደስ ይባላል፤ አቴንሳዊ ነው። የልደቱን ዘመን አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ490 እስከ 480 ባሉት ዓመታት ገደማ ያደርጉታል። ያ ዘመን ለአቴንስ የእሳት ዘመን ነበር። በ490 አቴንሳውያን የፋርስን ጦር በማራቶን ሜዳ አሸነፉ። ከ10 ዓመት በኋላ ፋርሶች ተመልሰው መጡ፤ ከተማዋን ያዙ፤ በአክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ የነበሩትንም ቤተ መቅደሶች አቃጠሉ። ፊዲያስ ያደገው እንግዲህ ዓናቷ ላይ ፍርስራሽ በተሸከመች ከተማ ውስጥ ነው። ያ ፍርስራሽ ከ30 ዓመት በላይ ሳይነሳ ቆይቷል።

ስለ ሙያው ክብር አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የጥንት ግሪኮች ሥራውን እያደነቁ ሠሪውን ይንቁ ነበር። የፔሪክልስን የሕይወት ታሪክ የጻፈልን ፕሉታርክ እንኳ ከመልካም ቤተሰብ የተወለደ ወጣት የፊዲያስን የዜውስ ሐውልት አይቶ ቢደነቅም ፊዲያስን መሆን ግን አይመኝም ብሎ ጽፏል። በእጁ የሚሠራ ሰው በእጁ የሚሠራ ሰው ነው። በእኛም አገር ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በምን ዓይን ይታዩ እንደነበር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይሁንና ሙያተኞቹ ራሳቸውን እንዴት ያዩ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ዕቃ አለ። በበርሊን ቤተ መዘክር የሚገኝ የሸክላ ጽዋ ነው፤ ፊዲያስ በተወለደበት ዘመን አካባቢ የተሠራ። የጽዋው ውጫዊ ገጽ የነሐስ ሐውልት የሚሠራበትን ቦታ ያሳያል። እሳት የሚያነዱ ሰዎች አሉ፤ በግድግዳው ላይ መሣሪያዎች ተሰቅለዋል፤ ገና ራሱ ያልተገጠመለት ሐውልት ተጋድሟል፤ ራሱም መሬት ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው ጠጅም ይሁን ወይን ጠጥቶ ጽዋውን ሲጨርስ ደግሞ ከውስጥ ሌላ ሥዕል ይወጣለታል፤ የአንጥረኞች አምላክ ሄፋይስቶስ ለአኪለስ የሠራውን የጦር መሣሪያ ለእናቱ ለቴቲስ ሲያስረክብ። በአንድ ዕቃ ላይ ከውጭ ላብ የሚያንጠባጥብ ሙያተኛ፣ ከውስጥ ያንኑ ሥራ የሚሠራ አምላክ።

በአቴንስ የሸክላ ሠሪዎች ሠፈር ይህ ብርቅ አልነበረም። ሠዓሊዎቹ በጥቁርና በቀይ ቀለም የትሮይን ጦርነትና የሄራክለስን ጀብዱ በሚሥሉበት እጃቸው የወይራ ፍሬ በዱላ የሚያራግፉ ገበሬዎችን፣ ከምንጭ ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን፣ ቆዳ የሚቆርጥ ጫማ ሰፊን፣ ከመምህሩ ፊት የቆመ ተማሪን ይሥሉ ነበር። በሸክላ ላይ አማልክትና ተራው ሰው እንዲህ ተጎራብተው ሲኖሩ የተከሰሰ ሠዓሊ ስለመኖሩ የሚነግረን መዝገብ የለም። ይህንን ልብ ይሏል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፊዲያስ ስሙን ያስጠራው በነሐስ ሥራ ነው። በአክሮፖሊስ ላይ ያቆመው ግዙፍ የነሐስ የአቴና ሐውልት በማራቶን ድል ከተገኘው ምርኮ የተሠራ መሆኑን በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ ግሪክን የጎበኘው ፓውሳኒያስ ጽፏል። ከሱኒዮን በኩል በመርከብ የሚመጣ ሰው የጦሯን ጫፍና የራስ ቁሯን ጉትዬ ከባሕር ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ለሌምኖስ ደሴት ሰፋሪዎች የሠራው ሌላ አቴና ደግሞ በውበቱ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ነው ያሉ ነበሩ።

አንድ ጊዜ ግን ተሸንፏል። ሮማዊው ፕሊኒ እንደሚተርከው ለኤፌሶን ቤተ መቅደስ የሚሆን የአማዞን ሐውልት ለመምረጥ ውድድር ተደረገና ዳኞቹ ቀራጺዎቹ ራሳቸው እንዲሆኑ ተወሰነ። ሁሉም እንደሚጠበቀው ራሱን አንደኛ አለ። አዘጋጆቹም ሁሉም ከራሱ ቀጥሎ የመረጠው ማን እንደሆነ ቆጠሩና ፖሊክሌይቶስ አሸነፈ፤ ፊዲያስ ሁለተኛ ሆነ። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት መማል አልችልም። ዳኛው የራሱ ጉዳይ ባለቤት ሲሆን እንዴት ፍትሕ ማግኘት እንደሚቻል ለሚጨነቅ ሕግ አዋቂ ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

የፊዲያስን ዕድል የቀየረው ከፔሪክልስ ጋር የነበረው ወዳጅነት ነው። ፔሪክልስ በየዓመቱ ጄኔራል ሆኖ እየተመረጠ አቴንስን ለረጅም ጊዜ የመራ ሰው ነው። የአቴንስ ተባባሪ ከተሞች ፋርስን ለመከላከል የሚያዋጡት ገንዘብ በዴሎስ ደሴት ይቀመጥ ነበር፤ በ454 ግን ግምጃ ቤቱ ወደ አቴንስ ተዛወረ። ፔሪክልስ ከተቃጠሉት ቤተ መቅደሶች የሚበልጡ አዳዲስ ቤተ መቅደሶች እንዲሠሩ ሲያደርግ ተቃዋሚዎቹ ተነሡ። ለጦርነት የተዋጣ ገንዘብ ከተማዋን እንደ ሴት ወይዘሮ ለማሽሞንሞን ዋለ ብለው ከሰሱት። ፕሉታርክ እንደሚለው ፔሪክልስ በጉባኤው ፊት ወጪው በዝቶ እንደሆነ ሕዝቡን ጠየቀ፤ በጣም በዝቷል ተባለ። እንግዲያውስ ከኪሱ እንደሚከፍልና በሕንፃዎቹም ላይ የራሱን ስም እንደሚያስጽፍ ነገራቸው። ጉባኤው ወዲያው ተገለበጠ፤ ከሕዝቡ ግምጃ ቤት ያለ ስስት እንዲወጣ ጮኹ። ገንዘቡን መስጠት ቀለላቸው፤ ስሙን መስጠት ግን ከበዳቸው። የፊዲያስ መከራ ከዚህች ቅናት ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኛል።

የፓርቴኖን ግንባታ በ447 ተጀመረ። የሕንፃው ነዳፊዎች ኢክቲኖስና ካሊክራተስ ናቸው፤ የሁሉም የበላይ ተቆጣጣሪ ግን ፊዲያስ እንደነበር ፕሉታርክ ይናገራል። በአንድ ጊዜ ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢው፣ ወርቅ አንጥረኛው፣ የዝሆን ጥርስ ሠራተኛው፣ ገመድ ገማጁ፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ ሥራ አገኘ። የግንባታው ሒሳብ በድንጋይ ሰሌዳ ላይ እየተቀረጸ ለሕዝብ ይታይ ነበር፤ የሰሌዳዎቹ ስብርባሪዎች እስከ ዛሬ አሉ። የወዳጅነት ሹመት ሐሜት አያጣምና ፊዲያስ ሥራ ለማየት የሚመጡ ጨዋ ሴቶችን ከፔሪክልስ ጋር ያገናኛል ተብሎ በሰፊው ተወራ። የኮሜዲ ጸሐፊዎችም ወሬውን ተቀባበሉት።

ፓርቴኖን ላይ ሁለት ዓይነት ቅርጾች አሉ። ከውጭ በኩል፣ ከዓምዶቹ በላይ፣ 92 አራት ማዕዘን የቅርጽ ሰሌዳዎች ተደርድረው ነበር። በእነርሱ ላይ ያለው ሁሉ አፈ ታሪክ ነው፤ አማልክት ከግዙፋን ጋር፣ ግሪኮች ከአማዞኖች ጋር፣ ላፒቶች ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ ከሆኑት ሴንታውሮች ጋር ሲዋጉ፣ እንዲሁም የትሮይ ጦርነት። ይህ በማንኛውም የግሪክ ቤተ መቅደስ የሚጠበቅ ነው።

ያልተጠበቀው ከዓምዶቹ በስተጀርባ ነው። በቤተ መቅደሱ ግድግዳ አናት ላይ ዙሪያውን የሚሄድ፣ 160 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ተከታታይ ቅርጽ ተሠራ። ከ370 በላይ ሰዎችና አማልክት፣ ከ200 በላይ እንስሳት ይታዩበታል። አብዛኞቹ ሊቃውንት የሚስማሙበት አተረጓጎም ለአቴና የሚደረገውን የፓናቴናያ በዓል ሰልፍ ያሳያል የሚል ነው። ፈረሰኞች ተነባብረው ይጋልባሉ። አንዱ ገና አልተዘጋጀም፤ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሠሪያ ያስተካክላል። የሚታረዱ በሬዎች ይነዳሉ፤ አንዷ ላም አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ሰማይ ታገሣለች። ወጣቶች የውኃ እንስራ በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ ልጃገረዶች በቀስታ ይራመዳሉ። በምሥራቅ በኩል አንድ ልጅና አንድ ትልቅ ሰው ጨርቅ ሲያጣጥፉ ይታያሉ፤ ለአቴና የሚበረከት ልብስ እንደሆነ ይታመናል። ከእነርሱ ግራና ቀኝ አማልክቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጉልበቱን በእጁ ታቅፎ፣ ሌላው ከጎኑ ወዳለው ዞሮ። እንግዳ እስኪደርስ እየጠበቁ የሚጨዋወቱ ሰዎች ነው የሚመስሉት።

ፊዲያስ ይህን ሁሉ በገዛ እጁ አልጠረበውም፤ የብዙ እጆች ሥራ መሆኑ ከቅርጾቹ መለያየት ይታያል። ሐሳቡን የመራው እርሱ ነው ተብሎ ግን በሰፊው ይታመናል። የሐሳቡን ድፍረት እንመልከት። በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ፣ የአማልክት ድልና የጥንት ጀግኖች ብቻ በሚሣሉበት ቦታ፣ የአቴንስ ሰው የዓመት በዓሉን ልብስ ለብሶ ተሣለ። ጫማውን የሚያስረው ጎረምሳ ከዜውስ ጋር በአንድ የእብነ በረድ ረድፍ ገባ። ለዚህም ፊዲያስን የከሰሰው ሰው የለም።

አሁን ወደ ወርቁ እንምጣ። በፓርቴኖን ውስጥ የቆመችው አቴና በ438 ተመረቀች። ፕሊኒ ቁመቷን 26 ክንድ ያደርገዋል፤ ወደ 12 ሜትር መሆኑ ነው። ውስጧ እንጨት ሆኖ ፊቷና ክንዶቿ በዝሆን ጥርስ፣ ልብሷና ጌጧ በወርቅ ተሸፍኗል። በቀኝ እጇ የድል አምላክን ሐውልት ይዛለች፤ ይህች በእጅ የተያዘች ሐውልት ብቻዋን የሰው ቁመት ታክላለች። የጫማዋ ጠርዝ ላይ የሴንታውሮች ጦርነት፣ በመቆሚያዋ ላይ የፓንዶራ ልደት ተቀርጿል። የጋሻዋ ውስጠኛ ክፍል የአማልክትንና የግዙፋንን ጦርነት፣ የውጪው ገጽ የአቴንሳውያንንና የአማዞኖችን ውጊያ ይዟል።

ስለ ዝሆን ጥርሱ አንድ ነገር ልጨምር። ፓውሳኒያስ ግሪኮች ለአማልክት ምስል የሚሆነውን የዝሆን ጥርስ ከህንድና ከኢትዮጵያ ያስመጡ እንደነበር ጽፏል። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ እንጂ የዛሬዋን አገር ወሰን አይደለምና ከዚህ ተነሥቶ የኩራት ሐውልት ማቆም አይገባም። ሆኖም ይኸው ጸሐፊ በራምኖስ የነበረችውን የኔሜሲስ ሐውልት የፊዲያስ ሥራ ናት ይልና በእጇ በያዘችው ጽዋ ላይ ኢትዮጵያውያን ተቀርጸው እንዳየ ይገልጻል። ለምን እንደተቀረጹ ግን እርሱም አልገባውም። ሌሎች ሐውልቷን የፊዲያስ ተማሪ የአጎራክሪቶስ ሥራ ያደርጓታል።

የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዳይደስ እንደሚለው በአቴና ላይ የነበረው ጥሩ ወርቅ 40 መክሊት ይመዝናል። አንድ የአቴንስ መክሊት 26 ኪሎ ግራም ያህል ነውና ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ማለት ነው። ሌላው የታሪክ ጸሐፊ ፊሎኮሮስ 44 መክሊት ያደርሰዋል። ወርቁ ጌጥ ብቻ አልነበረም። በ431 ከስፓርታ ጋር ጦርነት ሲጀመር ፔሪክልስ የከተማዋን ሀብት ለጉባኤው ሲዘረዝር ይህንንም ወርቅ ቆጥሯል፤ ቢቸግር ተበድሮ በኋላ መተካት እንደሚቻል ነግሯቸዋል። አምላካቸው የመጠባበቂያ ገንዘባቸውን ለብሳ ነበር የቆመችው።

ፔሪክልስ ሕዝቡን ያውቅ ነበርና ከመጀመሪያው አንድ ምክር ሰጥቷል። የወርቁ ልባጥ በሙሉ ተፈትቶ ሊወርድና ሊመዘን በሚችልበት ሁኔታ እንዲገጠም አደረገ። እኛ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንላለን፤ አቴንሳውያንም ይህን የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ። ማንም ሹም ሥራውን ሲለቅ ሒሳቡን ለመርማሪዎች ማቅረብ ነበረበት። ስለዚህ ሜኖን በመሠዊያው ሥር ተቀምጦ ወርቅ ተሰረቀ ሲል ፔሪክልስ ከሳሾቹን ወርቁን አውርደው እንዲመዝኑ ጋበዛቸው። ስርቆቱ ሊረጋገጥ አልቻለም። በየትኛውም ፍርድ ቤት ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ መዝገቡ ይዘጋል፤ ተከሳሹም በነፃ ይሰናበታል።

አላበቃም። ከሳሾቹ ወደ ጋሻው ዞሩ። በአማዞኖቹ ውጊያ መካከል በሁለት እጁ ድንጋይ ያነሳ ራሰ በራ ሽማግሌ አለ፤ ይህ ፊዲያስ ራሱ ነው ተባለ። ከአማዞን ጋር የሚዋጋ ሌላ መልከ መልካም ሰው አለ፤ ይህ ደግሞ ፔሪክልስ ነው ተባለ። የተዋጊው ክንድ ጦር ሲሰነዝር ፊቱን ከልሎታል። ፕሉታርክ እንደሚለው ይህ ሆን ተብሎ መልኩን ለመደበቅ የተደረገ ቢሆንም ከሁለቱም ጎን ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው። ስለዚህ ቀራጺው በአምላክ ጋሻ ላይ፣ በተቀደሰው አፈ ታሪክ ውስጥ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎችን መልክ አስገብቷል ተባለ።

የሁለቱን ክሶች ልዩነት አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ክስ የሚመዘን ነው። ሚዛን አለ፣ ወርቅ አለ፣ የድንጋይ ላይ መዝገብ አለ። ሁለተኛው አይመዘንም። አንድ የተቀረጸ ፊት ማንን ይመስላል? መምሰሉ ወንጀል ነው? ሕግ ትምህርት ቤት ገብተን መጀመሪያ ከምንማራቸው መርሆዎች አንዱ ሕግ አስቀድሞ ያልደነገገው ድርጊት ወንጀል አይሆንም የሚለው ነው። በአቴንስ በአማልክት ላይ መዳፈር ያስቀጣል፤ የትኛው ድርጊት መዳፈር እንደሚሆን ግን የሚወስነው በዕለቱ የተቀመጠው ሸንጎ ነበር። የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ የለም፤ ማንም ዜጋ ይከሳል። ፈራጆቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ከውሳኔያቸው በላይም ይግባኝ የለም። እንዲህ ባለ ሸንጎ ፊት የማይመዘን ክስ ከሚመዘነው ይልቅ ለከሳሽ ይመቻል።

ሲሴሮ በበኩሉ ፊዲያስ በሐውልቱ ላይ ስሙን መጻፍ ስላልተፈቀደለት ነው መልኩን በጋሻው ላይ ያስገባው ይላል። ፕሉታርክ ደግሞ ስሙ በድንጋይ ሰሌዳ ላይ ሠሪ ተብሎ ተጽፎ ነበር ይላልና ሁለቱ አይስማሙም። የሲሴሮ አባባል እውነት ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደዚያ ጉባኤ ይመልሰናል። ሰልፈኛው ሕዝብ ከአማልክት ጎን ሲሣል ደስ አለው፤ ምክንያቱም ሁሉም የራሱን ድርሻ አየበት። ፈረሰኛው ማንም ፈረሰኛ ነው፤ እንስራ ተሸካሚውም ማንም ወጣት። በጋሻው ላይ ግን የተለየ ፊት መጣ፤ ስም ያለው፣ ጎረቤት የሚያውቀው፣ ሥልጣን የያዘ ሰው ፊት። ሕዝቡ ለራሱ የፈቀደውን ለአንድ ሰው አልፈቀደም። በዚህ ረገድ አቴንሳውያንን ሙሉ በሙሉ ልኮንናቸው አልችልም፤ በየአደባባዩ የመሪ ምስል ሲሰቀል ያየ ትውልድ አባል ነኝና። ስሕተታቸው ጥርጣሬያቸው አይደለም። ስሕተታቸው ጥርጣሬን ወንጀል ማድረጋቸው ነው።

ዋናው ዒላማ ፊዲያስ እንዳልነበረም ግልጽ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ፔሪክልስን በቀጥታ መንካት ያልደፈሩ ሰዎች ወዳጆቹን አንድ በአንድ ያዙ። የሕይወት ጓደኛው አስፓሲያ በተመሳሳይ ክስ ሸንጎ ፊት ቀረበች፤ ፔሪክልስም ለፈራጆቹ እያለቀሰ አስለቀቃት ይባላል። ፈላስፋው አናክሳጎራስ ከከተማዋ ወጣ። ጠቋሚው ሜኖን ደግሞ በጉባኤ ውሳኔ ከግብር ነፃ ተደረገ፤ ጄኔራሎቹም ለደኅንነቱ እንዲጠነቀቁ ታዘዙ። ወርቁ ሳይጎድል ጎደለ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የተሸለመው።

ፊዲያስ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ምስክሮቹ እዚህ ላይ ይጣላሉ። ፕሉታርክ እስር ቤት ገብቶ በሕመም ሞተ ይላል፤ የፔሪክልስ ጠላቶች ፔሪክልስን ለማስጠርጠር መርዘው ገደሉት የሚሉ መኖራቸውንም ይጨምራል። ፕሉታርክ ይህን የጻፈው ከ500 ዓመት በኋላ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የጻፈው ፊሎኮሮስ ደግሞ ፊዲያስ ከአቴንስ ወጥቶ ወደ ኤሊስ እንደሄደ፣ በዚያም የኦሊምፒያን ዜውስ እንደሠራና በኤሊስ ሰዎች እጅ እንደሞተ ይተርካል።

ለብዙ ዘመን በሁለቱ ቃል መካከል መፍረድ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1958 ግን የጀርመን አርኪዮሎጂስቶች በኦሊምፒያ የፊዲያስ የሥራ ቤት ተብሎ ይታወቅ የነበረውን ሕንፃ ቆፈሩ። በላዩ ላይ በኋለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበት ነበር። ከሥሩ የሸክላ ቅርጽ ማውጫዎች፣ የዝሆን ጥርስ ፍቅፋቂ፣ የብርጭቆ ቁርጥራጭ፣ የአጥንት መሣሪያዎችና ትንሽ መዶሻ ተገኙ። ከሁሉም በላይ አንድ ተራ ጥቁር የሸክላ መጠጫ ተገኘ፤ በታቹ የፊዲያስ ንብረት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተጭሮበታል። አብረው የተገኙት ሸክላዎች ሥራው ከ430ዎቹ ወዲህ መሠራቱን ያሳያሉ። ስለዚህ ዜውስ የተሠራው ከአቴናዋ በኋላ ነው፤ ፊዲያስም በአቴንስ እስር ቤት አልሞተም የሚለው ሚዛን ይደፋል። ወርቅ ሰርቀሃል የተባለ ሰው ሌላ ከተማ እንደገና ወርቅና የዝሆን ጥርስ አስረከበችው ማለት ነው።

የኤሊስ ሰዎች ገደሉት የሚለውንም እጠራጠራለሁ። ፓውሳኒያስ በጎበኘበት ዘመን፣ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የዜውስን ሐውልት የማጽዳት ክብር የተሰጠው ለፊዲያስ ዘሮች ነበር። በሌብነት የገደሉትን ሰው ዘሮች በዚያው ሐውልት ላይ መሾም ከሰው ጠባይ ጋር አይሄድም።

ዜውስ በዙፋን ላይ የተቀመጠ ነበር። ስትራቦ ብድግ ቢል ጣሪያውን ያፈርሰዋል ብሎ ቀልዷል። ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። በሥዕል ሥራው ዘመዱ ፓናይኖስ ረድቶታል። እዚህ ፊዲያስ በዜውስ እግር ሥር ስሙን ከነአባቱ ስምና ከነከተማው ጻፈ። ባባረረችው ከተማ ስም ነው የተጠራው። በዙፋኑ ላይ ካሉት ቅርጾች መካከልም ራሱን በጨርቅ የሚያስር አንድ ልጅ ነበር። ይህ ልጅ ፊዲያስ የሚወደውን፣ በ436 በተደረገው 86ኛው ኦሊምፒያድ በልጆች ትግል ያሸነፈውን ፓንታርከስን ይመስላል ተብሏል። እውነት ከሆነ ሰውዬው አልተማረም፤ የሚያውቀውን ፊት እንደገና ከአምላክ ጎን አስቀመጠ። በኦሊምፒያ የከሰሰው መኖሩን ግን ፓውሳኒያስ አይነግረንም።

አቴንስ ውስጥ ነገሩ በወሬ ቀጠለ። በ421 በቀረበ ኮሜዲ አሪስቶፋነስ የጦርነቱ መነሻ የፊዲያስ መከራ እንደሆነ፣ ፔሪክልስ የእርሱ ዕጣ እንዳይደርስበት ፈርቶ አገሩን በጦርነት እንዳቃጠለ አስመስሎ ጽፏል። የቲያትር ሐሜት ነው፤ ቱሲዳይደስ እንዲህ ያለውን ምክንያት አያነሳም። ሆኖም ሕዝቡ ፊዲያስን የፔሪክልስ ጉዳይ አድርጎ ያየው እንደነበር ይመሰክራል።

ሐውልቶቹ የሉም። የአቴናን ወርቅ በ296 ገደማ ላካሬስ የተባለ አምባገነን ለወታደሮቹ ደመወዝ ገፈፈው፤ ለማውረድ አመቺ ሆኖ መገጠሙ እርሱንም ጠቀመው። ዜውስ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወስዶ በ475 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በቃጠሎ እንደጠፋ ይነገራል። ፓርቴኖን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1687 ኦቶማኖች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ በቬኒስ መድፍ ተመትቶ ፈነዳ። ከተረፉት ቅርጾች ብዙዎቹን የብሪታንያ አምባሳደር የነበረው ሎርድ ኤልጊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወሰዳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1816 የብሪታንያ ፓርላማ ገዝቶ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጣቸው። ግሪክ እንዲመለሱላት እ.ኤ.አ. በ1983 በይፋ ጠይቃለች። ስለ ባለቤትነቱ ክርክር ሌላ ጊዜ በሰፊው መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ለሕግ ሰው የሚጥም ነው።

በዚሁ ሙዚየም ከታላላቆቹ እብነ በረዶች ሌላ አንዲት የተሰበረች ክብ ድንጋይ አለች። በሮማውያን ዘመን ከአቴና ጋሻ የተገለበጠች ናት፤ የስትራንግፎርድ ጋሻ ትባላለች። በመካከሏ እባቦች የከበቡት የሜዱሳ ፊት አለ፤ ዙሪያውን ግሪኮችና አማዞኖች ይዋደቃሉ። ከታች በኩል ራሰ በራው ሽማግሌ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ቆሟል፤ የያዘው ግን ድንጋይ ሳይሆን መጥረቢያ ይመስላል። ከጎኑ ያለው ተዋጊም አለ፤ ክንዱ ፊቱን ጋርዶታል።